ብሳና በምጣድ ሥር፦ ከጅማ የአንድ ማድቤት የማገዶ ጉዳይ ጥናት

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በጣለበት ሌሊት፣ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለው ከአክስቴ ቤት ጀርባ የቆመ ትልቅ ብሳና ከነሥሩ ተነቅሎ የጎረቤቷ ጓሮ ቡና ላይ ተጋደመ። ሲወድቅ አጥሩ ላይ የነበረውን የኮርች ዛፍም ይዞ ወረደ። ጠዋት ተሰብስቦ ያየው ሰፈርተኛ ያዘነው ለቡናው ነበር፤ እንጨቱን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። የጓሮው ባለቤት «ከዚህ የሚያነሳልኝ ካለ ይውሰደው» አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ እየቆራረጡ አዌቱ ወንዝ ዳር መጣሉ እንደሚቀል ተናገረ።

አክስቴ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ናት። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 60 ያህል እንጀራ፣ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለሰፈር ደንበኞቿ ታወጣለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፤ መብራት ሲጠፋ ግን ደንበኛ አይጠብቅም፣ የተነሳ ሊጥም አይጠብቅም። ስለዚህ የማገዶ ምጣዷን ትታ አታውቅም። ከወጪዋ ከጤፍ ቀጥሎ የሚከብዳት ማገዶ ነው፤ የምትገዛውም እንደ ሁሉም ሰው ባህር ዛፍ ነው።

የዚያን ዕለት ደወለችልኝ። እኔ በሙያዬ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ይሄን ብሳና ልውሰደው? ወይስ ጭስ ነው ቤቴ የማስገባው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። «ውሰጂውና አብረን እንየው» አልኳት። የሚከተለው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በዚያ ማድቤት ያየነውና የመዘነው ነው።

ስሙን ያጠፋው ምንድን ነው?

ስለ ብሳና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተረት አለ፦ «ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተማረና!» ተረቱ ልክ ነው። ብሳናን ምሰሶ ወይም ወራጅ ያደረገ ሰው ብዙ ሳይቆይ ከሥሩ የሚረግፈውን ዱቄት ያያል። ይሁንና ተረቱ የሚናገረው ቤት ስለሚሠራበት እንጨት ነው፤ ስለ እሳት የሚለው ነገር የለም። እኛ ግን ለቤት ያልሆነ እንጨት ለምድጃም አይሆንም ብለን አንድ ላይ ጥለነዋል። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ስለ ዋንዛና ስለ ቀረሮ ብዙ ሳወራ ብሳናን በአንድ ቃል አልፈው ነበር። ስህተት ነበር፤ ይህን ስጽፍ አንዱ ምክንያቴም እሱን ማረም ነው።

የማገዶ ክብርም ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ወይራ የሚወደደው ፍሙ ስለሚቆይ፣ ጭሱም ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ስለሚሆን ነው። ግራር የሚወደደው ከሰሉ ስለሚጠነክር ነው። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ጀምሮ ቶሎ ስለሚያድግና ቀጥ ብሎ ስለሚፈለጥ ከተማውን ሁሉ ያዘ። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምስጋናዎች ናቸው። ሆኖም ፍም መያዝ፣ ከሰል መሆንና ነበልባል መስጠት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አክስቴ የምትፈልገው የትኛውን ነው? ጉዳያችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምጣድ የሚሻው ነበልባል ነው። ሸክላው ሰፊ ነው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል መጋል አለበት። ሊጡ ሲፈስ ሙቀቱ በአንዴ ወደ ላይ ገፍቶ ዓይኑን ማውጣት አለበት፤ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እንጀራው ይነሳል፣ ምጣዱ ይታሰሳል፣ ሌላ ይፈሳል። ፍም ብቻ ያለው ምድጃ መሐሉን ያሳርርና ዳሩን ጥሬ ያስቀረዋል። እናቶቻችን በባህር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ የሚጋግሩት ለዚህ ነው፤ ቅጠል ፍም የለውም፣ ነበልባል ግን አለው።

የደረቀ እንጨት ሲነድ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ገደማ በጋዝ መልክ ወጥቶ ነው የሚቃጠለው፤ ነበልባል የምንለው ይህ ነው። የቀረው ከሰል ይሆናል። ቀላል እንጨት ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። ለምጣድ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። ለባቄላ ድስት ግን መጥፎ ጠባይ ነው።

በኪሎ ወይስ በሸክም?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ኪሎ ፍጹም የደረቀ እንጨት፣ ወይራም ሆነ ብሳና፣ የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ከ18 እስከ 20 ሜጋጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ ይወድቃል። እንጨት ሁሉ የተሠራው ከሞላ ጎደል ከአንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ያ ኪሎ በሚይዘው ቦታ ላይ ነው። የደረቀ ብሳና በኩብ ሜትር ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ጥሩ ቀይ ባህር ዛፍ ከዚያ በደንብ ይበልጣል፤ ወይራ ደግሞ ከውሃ ክብደት ብዙም አይርቅም። ኮርች ከሁሉም ታች ነው፤ ደርቆ ሲያነሱት እጅ ይደነግጣል።

ገበያ ላይ ደግሞ ማገዶ በኪሎ አይሸጥም። በሸክም፣ በእስርና በጋሪ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ አንድ ጋሪ ብሳና ከአንድ ጋሪ ባህር ዛፍ ያነሰ ኪሎ፣ ማለትም ያነሰ እሳት ይዟል። «ብሳና ቶሎ ያልቃል» የሚለው ሐሜት መነሻው ይህ ነው፤ እውነትም አለው። በእኩል ዋጋ ከተገዛ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎ ውሃ አሙቆ ወደ እንፋሎት ለመቀየር 2.6 ሜጋጁል ያህል ይሄዳል። 10 ኪሎ እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ስንከት 5 ኪሎ እንጨትና 5 ኪሎ ውሃ ነው የከተትነው። ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሙቀት ከጠቅላላው ከስድስት አንዱ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ብቻ ያሰላ ሰው «ምንም አይደል» ሊል ይችላል። ዋናው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። እንፋሎቱ እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። ያ ጭስ የአክስቴ ዓይን ውስጥ፣ ሳንባዋ ውስጥ፣ ጣሪያዋ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነበር፤ ሃያ ዓመት ምድጃ ፊት የተቀመጠች ሴት ናት።

ፍለጣው፣ ክምሩና የተበላሸው ሁለት ሳምንት

የዛፉ መውደቂያ ጊዜ በአንድ በኩል ጥሩ፣ በሌላው ክፉ ነበር። ጥሩነቱ፣ ጅማ ከመጋቢት ጀምሮ የሚዘንብባት ከተማ ስለሆነች እንጨት የሚደርቅባቸው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ናቸው፤ ዛፉም የወደቀው በዚያው ዋዜማ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጥቅምት የቡና ለቀማ ወር መሆኑ ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ቡና ውስጥ ነው፤ ፈላጭ ማግኘት ጭንቅ ነው። ግንዱ በመጋዝ ከተቆራረጠ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ተኝቶ ቆየ።

በመጨረሻ የመጡት አንድ ሽማግሌ ፈላጭ ነበሩ። ጉማጁን በእግራቸው ገፋ አድርገው «መከኒሳ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው የጠራሽኝ?» አሏት፤ በኦሮሞኛ ስሙ መሆኑ ነው። አክስቴ «አባባ፣ እርስዎ ይፍለጡልኝ፣ የእሳቱን ነገር ለኔ ይተዉት» አለቻቸው። ሥራው ሲጀመር ግን ፊታቸው ተፈታ። ብሳናው ሽብልቅ ሳያስፈልገው፣ በአንድና በሁለት ምት እየተሰነጠቀ ወረደ። ለባህር ዛፍ ጉጥ አንድ ቀን የሚፈጅባቸውን ያህል ክምር በግማሽ ቀን ጨረሱ። ኮርቹ ግን አስመረራቸው፤ እሾሁ አንድ ነገር ሆኖ፣ ግንዱ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ መጥረቢያው ይሰምጣል እንጂ አይሰነጥቅም። «ይሄስ ለከብት አጥር ብቻ ነው የተፈጠረው» አሉ።

ቀጥን አድርገው እንዲፈልጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ የእጅ አንጓ ያህል፣ ከዚያ እንዳይወፍር። ቀጭን ፍልጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ምድጃ ውስጥም አየር ያገኛል።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ስህተት የኔ ነው። ፍልጡን በማድቤቱ ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ጥቅጥቅ አድርገን ከምረን በላስቲክ ሸፈንነው። ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላልወጣ ማልበሱ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላስቲኩን ስገልጥ ሙቅ ትንፋሽ ፊቴ ላይ መጣ፤ የታችኛው ረድፍ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፣ አንዳንዱ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል፣ ከሥር ምስጥ መንገዱን መሥራት ጀምሯል። ቀላል እንጨት ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ ቢሆን ያን ያህል ቸልታ ይችል ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ሁሉንም አፍርሰን እንደገና ከመርን። ሁለት የባህር ዛፍ አጣና ድንጋይ ላይ አጋደምን፤ ፍልጡን በላዩ ላይ አንዱን ረድፍ በቁመት፣ አንዱን በአግድም አድርገን ደረደርን፤ ከላይ ብቻ አሮጌ ቆርቆሮ ጣልንበት፣ ጎኖቹን ክፍት ተውናቸው። ነፋስ የሚመጣበትን አቅጣጫ የመረጠችው አክስቴ ናት፤ ልብስ የምታሰጣበትን ቦታ አሳየችኝ። ከዚያ የተሻለ ምክር አልነበረኝም።

አምስት ፍልጦች መርጬ በቀለም ምልክት አደረግሁባቸውና በየእሁዱ በሚዛን መዘንኳቸው። 2.4 ኪሎ የነበረው ትልቁ የብሳና ፍልጥ በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 1.4 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም። መድረቁን በዚህ አወቅን። 2 ኪሎ የነበረው ኮርች ወደ 800 ግራም ወርዶ ነበር። ሚዛን ለሌለው ሰው ጆሮ ይበቃል፤ ሁለት ደረቅ ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ እርጥቡ ግን ድፍን ነው። ጫፉ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሰነጣጠቀና ልጡ በጣት የሚላቀቅ ከሆነም ደርሷል።

አራት የመጋገሪያ ቀናት

አክስቴ የምትጋግረው ከሲሚንቶ በተሠራ «ምርጥ» በሚባል ምድጃ ላይ ነው፤ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ የሚቀንስ ምድጃ ነው። ይህን መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ክፍት ጉልቻ ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ ከፍ ይሉ ነበር። ምድጃው፣ ምጣዱ፣ የሊጡ መጠንና ጋጋሪዋ አንድ ዓይነት ሆነው፣ የተለዋወጠው ማገዶው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን 60 እንጀራ።

የመጀመሪያውን ያየነው ገና በጥቅምት፣ ብሳናው ሳይደርቅ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ባህር ዛፉም አልቆባት ስለነበር ነው የነደደው። 19 ኪሎ ገብቶ እንጀራው 40 ላይ ቆመ። ዓይን አላወጣም፣ ጫፉ እየተቀደደ አስቸገረ፣ ጭሱም የሚከረፋ ነበር። አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ሰው እውነቱን ነው» አለችኝ። ዛፉ በዚያን ቀን ቢፈረድበት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባበቃ ነበር። ብዙ ሰው ብሳናን የሚያውቀው እንደዚያ ቀን ሆኖ ይመስለኛል።

በጥር ሦስቱን ደረቅ ማገዶዎች አስከተልን። ባህር ዛፉ 11.5 ኪሎ ወሰደ። ብሳናው 12 ኪሎ። ኮርቹ 13.5። በኪሎ ሲታይ ባህር ዛፍና ብሳና የአንድ ፍልጥ ልዩነት እንኳ የላቸውም። በእቅፍ ሲታይ ግን ባህር ዛፉ ሁለት እቅፍ ሲሆን ብሳናው ሦስት ነበር፤ ኮርቹን ልጇ ሲያመላልስ ነው የዋለው።

ከቁጥሩ በላይ ደስ ያለኝ የአክስቴ ትዝብት ነው። በብሳናው ቀን ምጣዱ ቶሎ ጋለላት፤ የመጀመሪያው እንጀራ ከባህር ዛፉ ቀን ቀድሞ ወጣ። ጥቅምት ላይ የከረፋው ሽታ የለም። ጭስ የታየው እሳቱ ሲቀጣጠል ብቻ ነበር። የማይመቻት አንድ ነገር፣ ባህር ዛፍ ቢሆን አንዴ አስገብታ ሦስት እንጀራ ታወጣበት የነበረውን፣ በብሳና በየእንጀራው ጎንበስ ማለት መኖሩ ነው። ወገቧን አመማት። ይህን ሚዛን አይመዝነውም፤ ቀኑን ሙሉ የምትጋግር ሴት ግን ታውቀዋለች። መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ሁለት ቀጭን የብሳና ፍልጥ ከአንድ ወፈር ያለ ባህር ዛፍ ጋር ማንደድ። ባህር ዛፉ መሠረት ሆኖ ይቆያል፣ ብሳናው ነበልባሉን ያነሳል።

ኮርቹን በተመለከተ ፍርዷ ቁርጥ ያለ ነው፦ «እንደ ወረቀት ነው፤ እሳት ማቀጣጠያ ይሁን።» ምጣዱ እስኪግልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ለማውጣት ይሆናል። ከዚያ ውጪ ጉልበት ይበላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ኮርችን ለማገዶ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካለ አይክፈል።

ፍሙስ?

ብሳና የወደቀበት ፈተና ወጡ ነው። እንጀራው እንዳለቀ አክስቴ ባህር ዛፍ በተረፈ ፍም ላይ ሽሮ ትጥዳለች፤ ቡናዋንም በዚያው ታፈላለች። ከብሳና በኋላ ግን ምድጃ ውስጥ የቀረው ልል ፍምና ብዙ አመድ ነው። ጀበናው ሳይፈላ ይበርዳል። ባቄላና ሥጋማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጥራጥሬም የሚበስለው ቀስ ብሎ ነው። ረጅም፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ያስፈልገዋል። ከብሳና ከሰል ለማውጣት የሚያስብም ቢተወው ይሻላል፤ ቀላልና ቶሎ የሚፈረፈር ከሰል ነው የሚወጣው።

መልሱ እዚያው ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ተገኘ። ቡናው ከተለቀመ በኋላ ባለቤቱ ያረጁትንና ብሳናው የሰበራቸውን ቡናዎች ጎነደሉ። የቡና ግንድ ቀጭን ነው፤ ሆኖም ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፍሙ ይቆያል። አክስቴ እንጀራ ወስዳ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም የጉንደላውን እንጨት ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ምጣዱ በብሳና፣ ድስቱና ጀበናው በቡና ግንድ ሆነ። በጅማ ዙሪያ ቡና በሚጎነደልበት ሁሉ ይህ እንጨት ሞልቶ ይገኛል፤ ለወጥ ከሱ የተሻለ ማገዶ መፈለግ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አያርፍም። የወደቀ ብሳና ማንደድ ሌላ፣ የቆመ ብሳና መቁረጥ ሌላ ነው። ብሳና፣ ሰሳ፣ ዋንዛና ብርብራ የጅማ ቡና ጥላዎች ናቸው፤ የሚረግፈው ቅጠላቸው አፈሩን ያለብሰዋል። ብሳና ለማገዶ ይሆናል ማለቴ መጥረቢያ ይዞ ወደ ቡናው ጥላ ለመግባት ምክንያት እንዳይሆን እለምናለሁ። ማገዶ የሚተክል ሰው ባህር ዛፉን ወይም ግራቪሊያውን በዳር መሬት ላይ ይትከል።

ሂሳቡ

ብሳናው ነፃ ነበር፤ ምድጃ እስኪደርስ ግን ነፃ አልነበረም። አክስቴ ለመጋዝና ለፈላጭ ከፍላለች፤ እኔም ሁለቴ ለመከመር ሁለት እሁድ ሰጥቻለሁ። ክምሩ ከጥር መባቻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ 50 ለሚሆኑ የመጋገሪያ ቀናት በቅቷታል። የከፈለችው ገንዘብ ለዚያን ያህል ቀን ባህር ዛፍ ከምታወጣው ሲሶው ግድም ነበር። የተረፋት ትርፍ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የእንጨት ማስቀመጫ አሠራላት።

ገንዘብ ተከፍሎበት ቢሆንስ? አንድ ጋሪ ብሳና ከአንድ ጋሪ ጥሩ ባህር ዛፍ ሁለት ሦስተኛ ያህል ክብደት ይይዛል፤ ስለዚህ ከሁለት ሦስተኛ ዋጋ በላይ ሊከፈልበት አይገባም። ለመጎንበሱና ለመከመሩ ድካም ደግሞ ቀንሱበት። አክስቴ ግማሹን ነው የምትከፍለው፤ እርጥብ ከሆነ ጭራሽ አትገዛም፣ ማድረቂያ ወራቱ ካለፉ በኋላ የተቆረጠ ብሳና ክረምቱን ሙሉ ይሻግታልና።

ዕድሜውም አጭር ነው። በመጋቢት አጋማሽ ከቀሩት ፍልጦች ሥር ቢጫ ዱቄት መርገፍ ጀመረ፤ ነቀዙ ደርሷል። የተረቱ እንጨት ራሱን አስመሰከረ። ዱቄት የጀመረው ፍልጥ ሲነድ ልዩነት አላየንበትም፤ ለዓመት ቢቀመጥ ግን ከውስጡ ባዶ እንደሚሆን ግልጽ ነበር። አክስቴ ባህር ዛፏን ወደ ጎን አድርጋ ብሳናውን አስቀድማ ጨረሰች። ጥግ ላይ የተረሳው ኮርች የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲያገኙት በእጅ የሚፈረፈር ሆነ፤ ለጎመን መደብ ተጣለ።

በሚያዝያ አንድ ባለጋሪ በሯ ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ደረቅ ባህር ዛፍ ነው» እያለ ጠራት። ጋሪው ላይ ከባህር ዛፉ ሥር ገሚሱ ብሳና ነበር፤ ሸሽጎት ነው የመጣው። አክስቴ ከሥር ሁለት ፍልጥ ስባ አወጣች፣ አጋጨቻቸውና ሰማች። ከዚያ የባህር ዛፉን ለብቻ፣ የብሳናውን ለብቻ እንዲያወርድ ነገረችው፤ ለብሳናው ግማሽ ዋጋ ሰጥታ ሁለቱንም ገዛችው።